ብርቱ ናት ተብዬ

የሚጥል በሽታ እንዳለብኝ ሰፈር ውስጥ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዷ ልጄ ናት። ሌላዋ ጎረቤቴ ናቸው።

የምንኖረው ኮልፌ ነው፤ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ከአጠና ተራው ጀርባ። አራት ቤተሰብ አንድ ግቢ እንጋራለን። ቧንቧው አንድ ነው፣ የልብስ ማስጫ ገመዱም አንድ ነው። የእኔንና የጎረቤቴን ቤት የሚለየው ስስ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ፣ እሳቸው ሲያስነጥሱ «ይማርዎ» የምለው ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ነው።

እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን ቀርተዋል። በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ ለሱቆች ያስረክባሉ። ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል፤ እኔም እትዬ እላቸዋለሁ።

በሽታው የጀመረኝ ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ነው። ባለቤቴ አጠና ነጋዴ ነበር፤ አላህ ይማረው። እሱን ከቀበርን ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ቤት ውስጥ ልብስ ሳጣጥፍ ወደቅሁ። ስነቃ እትዬ ራሴን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የክብሪት ጭስ ያሸቱኛል። ልጄ በሩን ዘግታ በጀርባዋ ደግፋዋለች። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች።

«ማንም አላየም» አሉኝ እትዬ። «ማንም አያይም።»

ቃላቸውን ጠበቁ። ከዚያ በኋላ በጣለኝ ቁጥር ልጄ ግድግዳውን ትመታለች፤ እሳቸው በበርበሬ የቀላ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ይመጣሉ። ገብተው በሩን ይዘጉና ሬዲዮኑን የመጨረሻ ከፍ ያደርጉታል። ግቢው ከሬዲዮኑ ሌላ ምንም አይሰማም። አንድ ቀን ከፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤት መረራትና ከውጭ ጮኸች።

«እትዬ፣ ጆሮአችን እኮ ደነቆረ! ምንድን ነው የሚሰሙት?»

«ኳስ ነው! አትረብሺን፣ ልናገባ ነው!»

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ እትዬን ኳስ ወዳድ አድርጎ ያዛቸው። ወጣቶቹ መንገድ ላይ ሲያገኟቸው «እትዬ፣ የየትኛው ቡድን ደጋፊ ነዎት?» ይሏቸዋል። «የሚያሸንፈው» ይላሉ።

ለምን እንደደበቅሁት የሚያውቅ ያውቃል። የሚጥለው ሰው በጠጣበት ብርጭቆ አልጠጣም የሚል ሰው አለ። ሲወድቅ አትንኩት፣ ይተላለፋል የሚል አለ። ልጄ ደግሞ ሴት ናት። ነገ የሚጠይቃት ሰው ይመጣል፤ የእናቷ ነገር ቀድሞ እንዲጠብቃት አልፈለግሁም።

ሥራ አልጠላሁም። መስጊዱ አጠገብ ሳምቡሳ እየጠበስኩ እሸጥ ነበር፤ ሰው ይወድልኝ ነበር። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ዘይቱ ፈልቶ ሳለ ጣለኝ። ግራ ክንዴ ተቃጠለ። ሌላ ነገር አልተቃጠለም፤ አልሐምዱሊላህ። እትዬ መጥበሻዬን ወሰዱና የት እንዳደረጉት አልነግርሽም አሉ። ከዚያ ቤቴል አንድ ግቢ ልብስ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። በውሃ የተሞላ ባኞ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ ራሴ ሲዞር ተሰማኝ፤ እጄን ሳላደርቅ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም። ሴትየዋ ምን እንደሆንኩ ዛሬም አታውቅም። ከእሳትና ከውሃ የራቀ ሥራ ፈለግሁ። ለእኔ ዓይነቷ ብዙ የለም።

ሴፍቲኔት ወደ ሰፈራችን የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። መንግሥት ለችግረኛ ቤተሰብ የሚሰጠው ድጋፍ ነው። መሥራት የሚችለው በቡድን ሆኖ መንገድ ይጠርጋል፣ ቦይ ያጸዳል፣ ችግኝ ያፈላል፤ በየወሩም ይከፈለዋል። መሥራት የማይችለው፣ ያረጀው፣ አልጋ የያዘው፣ ከባድ ሕመም ያለበት ደግሞ ሳይሠራ ይደገፋል። ይህኛውን ቀጥታ ድጋፍ ይሉታል። ማን የትኛው ውስጥ እንደሚገባ የሚለየው ከነዋሪው የተመረጠ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው መጀመሪያ ቤት ለቤት ይዞራል። በኋላ ሰፈሩ ተሰብስቦ ስለ እያንዳንዱ ሰው ይመሰክራል።

ኮሚቴዎቹ ቤቴ ሲመጡ «ሥራ የሚከለክልሽ ነገር አለ?» አሉኝ።

«ያመኛል» አልኩ።

«ምንሽን?»

በሩ ክፍት ነው። የፊት ለፊቷ ጎረቤቴ ቧንቧው ጋ ጀሪካን እየሞላች ነው።

«ራሴን» አልኩ።

«ራስ ምታት» ብሎ አንዱ ጻፈ። ሄዱ።

የምስክሩ ቀን በእድሩ አዳራሽ ተሰበሰብን። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ድምፃቸው ዛሬም ከሞተር በላይ ነው። ስም ይጠራሉ፤ ሰው ይነሳል፤ የሚያውቀው ይናገራል። የእኔ ተራ ደረሰና ተነሳሁ።

«ይህችን እናት የሚያውቅ?»

ሰብሳቢው ገና ሳይጨርሱ እትዬ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አጣፉ።

«እኔ አውቃለሁ! የሚለየን ግድግዳ ነው!»

«ይናገሩ እትዬ።»

«እንደሷ ያለች ሴት እዚህ ሰፈር የለችም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ የሰው በር አንኳኩታ አታውቅም። ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች፣ ትሰግዳለች፣ ግቢውን ትጠርጋለች፤ የእኔን ደጅ እንኳ አትተውልኝም። ልጇ እንደ ሰው ልጅ ለብሳ ትማራለች። እጇ አያርፍም። ብርቱ ናት! እንዲያውም ብረት ናት በሉኝ!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ከኋላ አንዱ «ሳምቡሳዋስ!» አለ። ባለሱቁ «ለቅሶ ቤት ቀድማ የምትገኘው እሷ ናት» አለ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ተነስተው «ለልጄ ብትሆን አልጠላም» አሉ።

«ለየትኛው ልጅዎ? ያልተዳረው እኮ ገና ጥርሱን እየቀየረ ነው!» አላቸው ጎናቸው የተቀመጠው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰብሳቢውም ሳቁ።

«እንግዲህ ከዚህ በላይ ምስክር የለም» አሉ። «ብርቱ ናት ተብሏል። መሥራት የምትችል። ቀጥሎ!»

አፌን ከፈትኩ። ያ ሁሉ ሰው በፈገግታ ያየኛል። መልሼ ዘጋሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ከፊቴ ከፊቴ ይራመዳሉ። ደስ ብሏቸዋል።

«አየሽ እንዴት እንዳነሳሁሽ? አጨበጨቡልሽ እኮ!»

«አላህ ይስጥልኝ እትዬ። ግን እዚያ የሚጠየቀው እኮ መሥራት አለመቻሌ ነበር።»

«እ?»

«ብርቱ የተባለ መንገድ ይጠርጋል። ደካማ የተባለ ቤቱ ሆኖ ይደገፋል።»

ቆሙ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ውይ በሞትኩት! እኔ እኮ እንደ ሽምግልና መስሎኝ! ስለ ጎረቤት ሲጠየቅ ታዲያ ምን ይባላል? ሰው በተሰበሰበበት ደካማ ናት ልበል?»

«ምንም አላጠፉም።»

«እንዴት አላጠፋሁም! በገዛ አፌ መጥረጊያ አስያዝኩሽ!»

እንዲህ ሲሉ ሳቄ መጣ። እሳቸውም ሳቁ። አስፋልቱ ዳር ቆመን ስንስቅ አላፊው ሁሉ ያየናል። እየሳቁ እንባቸው ወረደ። «በርበሬው ነው» አሉ።

ተመልሼ ለመናገር አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ ይጥለኛል ብል ለሥራው አትሆኚም ብለው ቢያስወጡኝስ? ለድጋፉም ሳይወስዱኝ ቢቀሩስ? ከሁለቱም ከምወጣ ልጥረግ አልኩ። ጎህ ሲቀድ ሱብሒ ስሰግድ አንድ ነገር ብቻ እለምን ነበር፤ ያ ረቢ፣ ከጣልከኝም አስፋልት ላይ አትጣለኝ።

የደረሰን መንገድ ወደ ቤቴል የሚወስደው ነው። አብዛኞቻችን ሴቶች ነን። ብርቱካናማ ሰደርያ ሰጡን፣ መጥረጊያና አካፋ ሰጡን። የቡድን መሪያችን ወጣት ሴት ናት፤ «አለቃ» እንላታለን። አፏ አያርፍም። ጠዋት ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር የሚሄዱት ሚኒባሶች ዓለም ባንክ፣ ዓለም ባንክ እያሉ ሲያልፉ ወያላዎቹ አንገታቸውን አውጥተው ይተናኮሉናል።

«እናቶች! አቧራውን ወደኛ ነው እንዴ የምትልኩት?»

«ለእናንተ በነፃ ነው፤ እንደናንተ ሒሳብ ሒሳብ አንልም!» ትላቸዋለች አለቃ።

ሥራውን ወደድኩት። ይህን መናገር አለብኝ። ማለዳ ከሰው ጋር መውጣት፣ የጠረግሁትን ዞር ብሎ ማየት፣ ደክሞኝ መግባት፤ ይህ ሁሉ ከባለቤቴ ሞት በኋላ የራቀኝ ነገር ነበር። ግን ሁልጊዜ የምጠርገው በአጥሩ በኩል ነው። ወደ መኪናው በኩል ተራዬ ሲደርስ ሰው እለምናለሁ፤ ዛሬ ለውጪኝ፣ ፀሐይ አልችልም እላለሁ። ሴቶቹ መቀለድ ጀመሩ።

«ብርቱ ናት ተብሎ የተጨበጨበላት አንቺ ነሽ አይደል?»

«እሷ የጥላ ብርቱ ናት!»

«ተዋት፣ እመቤት ናት። ጥቁረት ፈርታ ነው።»

እስቃለሁ። ምን እላለሁ?

አንድ ቀን የሚለውጠኝ ሰው አጣሁ። ሁለት ሴቶች ከሥራ ቀርተዋል፤ አንዷ ልጇ ታሞባት ነው። በመኪናው በኩል ፌርማታው አጠገብ ቆምኩ። ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። ከመውደቄ በፊት ሁልጊዜ የግራ አውራ ጣቴ ይደነዝዘኛል። ያን ቀን ሲደነዝዘኝ መጥረጊያውን ጥዬ ወደ አጥሩ ለመሄድ ዞርኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ሲነግሩኝ ነው።

የወደቅሁት ወደ አስፋልቱ ነበር። ሚኒባስ እየመጣ ነው። አለቃ ሰደርያዬን ከኋላ ይዛ ጎተተችኝ፤ ሹፌሩም ፍሬን ያዘ። ጎማው ራሴ ከነበረበት ትንሽ አልፎ ቆመ። ተሳፋሪ ወረደ፣ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «አትንኳት! አትንኳት! ይተላለፋል!» ሲል አለቃ «ዞር በል! አንተን ነው የማልነካው!» አለችው አሉ።

ስነቃ ጥላ ስር ነኝ። የተጣጠፈ ሰደርያ ራሴ ስር አለ። መጀመሪያ እጄ የሄደው ወደ ሻሼ ነው። በቦታው ነው። ከቡድናችን አንዷ፣ አንገቷ ላይ መስቀል የምታስር፣ ስወድቅ የተገለጠውን ፀጉሬን ሸፍና፣ ሻሼን አገጬ ስር አስተካክላ አስራልኛለች። እኔ እንደማስረው አድርጋ። በየጠዋቱ ስታየኝ ለካ ልብ ብላለች። አላህ ገበናዋን ይሸፍንላት እያልኩ ዛሬም ዱዓ አደርግላታለሁ።

ሹፌሩ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጧል። 

«እናቴ፣ ነካሁሽ እንዴ?»

«አልነካኸኝም ልጄ። እኔው ነኝ። ይጥለኛል።»

ተናገርኩት። ፌርማታ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሳላስበው። ሰማይ አልተደፋም። ሹፌሩ «ተመስገን» ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ሰው ሲበተን አለቃ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ጥላ ወዳድ ስንልሽ የከረምነው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«ታዲያ አፍ የለሽም? እንገድልሽ ነበር እኮ!»

«ያስወጡኛል ብዬ ነው።»

«ማን ነው የሚያስወጣሽ? ተነሺ። ወረዳ እንሄዳለን። አሁን መነሳት ካልቻልሽ በጋሪው ነው የምወስድሽ፤ ከቆሻሻው ጋር።»

በእግሬ ሄድኩ።

ወረዳው ላይ የሴፍቲኔት ማኅበራዊ ሠራተኛ አለች። ልጅ እግር ናት፤ ልጄን በጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው። ተነስታ ወንበሯን ሰጠችኝ።

«ይቀመጡ እናቴ። ውሃ ይጠጡ መጀመሪያ።»

ሁሉንም ጠየቀችኝ። መቼ እንደጀመረኝ፣ ምን ያህል እንደሚመላለስብኝ፣ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ፣ ክንዴን ምን እንዳቃጠለኝ። እንደዚያ ቀስ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ሁሉንም መለስኩላት።

«ሐኪም ዘንድ ሄደው ያውቃሉ?»

«ቁርአን ይቀራልኛል።»

«እሱን ተዉ አላልኩም። ጤና ጣቢያም እንሂድ ነው የምለው።»

«ከሥራው ታስወጪኛለሽ?»

«ከመንገዱ አስወጣዎታለሁ» አለች። «ከድጋፉ ማን አለ?»

የሰጠችኝን ውሃ ያኔ ነው የጠጣሁት። 

ጤና ጣቢያው ድረስ አብራኝ መጣች። ሐኪሙ መረመረኝ፤ ይህ የአንጎል ሕመም ነው፣ አይተላለፍም፣ መድኃኒት አለው አለኝ። በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ሰጠኝ፤ በራስሽ ፈቃድ እንዳታቆሚ ብሎ አስጠነቀቀኝ። በመንገዴ መስጊድ ገብቼ የሚቀሩልኝን ኡስታዝ ጠየቅኋቸው። «መድኃኒቱንም የፈጠረው አላህ ነው። ቢስሚላህ ብለሽ ዋጪ፤ እኔም እቀራልሻለሁ» አሉኝ። ቀለለኝ።

የቀረው ምድቤን ማስቀየር ነው። ብርቱ ናት ብሎ የመደበኝ ሰፈሩ ስለሆነ ኮሚቴው እንደገና ማየት አለበት። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ሁለት መንገድ ነገረችኝ።

«ከፈለጉ ከኮሚቴው ጋር ብቻ በር ዘግተን እንጨርሰዋለን። የሐኪሙ ወረቀት ይበቃል። ካልከበደዎት ደግሞ በስብሰባው ይነሳል። ምርጫው የእርስዎ ነው።»

በር ዘግተን ይሁን ልላት ነበር። ልጄን ላማክር ብዬ ሄድኩ።

ልጄ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር። ነገርኳት። እስክርቢቶዋን አስቀመጠች።

«ሰው ከሰማ ይወራል» አልኳት። «አንቺም ላይ ይወራል።»

«ይወራ።»

«ገና ልጅ ስለሆንሽ ነው።»

«እማ» አለች፣ «እኔ ክፍል ውስጥ ሆኜ ምን እንደማስብ ታውቂያለሽ? አሁን ብትወድቅ ግድግዳውን ማን ይመታል እላለሁ። እትዬ በርበሬ ሊያስፈጩ ወፍጮ ቤት ከሄዱ ማን ይሰማል እላለሁ። አስተማሪዋ ትጠራኛለች፣ አልሰማትም። ሰው ቢያውቅልኝ ይሻለኛል።»

ስንት ጊዜ እንዲህ ሆና እንደተማረች አልጠየቅኋትም። በማግስቱ ወረዳ ሄጄ «በስብሰባው ይሁን» አልኩ።

አዳራሹ እንደበፊቱ ሞልቷል። ሰብሳቢው ተነሱ።

«እንግዲህ ባለፈው ብርቱ ናት ብለን ያጨበጨብንላት እናት ቅሬታ አላት።»

«ብረት ናት አልተባለም እንዴ?» አለ አንዱ። ሰው ሳቀ።

እትዬ ብድግ አሉ። «ብያለሁ! ዛሬም እላለሁ! ብረት ቢሆንስ፣ ብረት አይወድቅም?»

«እትዬ፣ ይቀመጡ። እሷ ትናገር።»

ተነሳሁ።  ብዙ ቃል አላዘጋጀሁም።

«ይጥለኛል» አልኩ። «ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ ነው። መንገድ ላይ ጥሎኝ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። መሥራት እፈልጋለሁ፤ አልቻልኩም።»

 ከዚያ ጥግ ላይ የቆመ አንድ ሰው እጁን አወጣ።

«ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሰው ሁሉ ይጥለኛል ቢል ምን ልንሆን ነው? አንድ ሰፈር ስንኖር እንዴት አንድ ቀን አላየንም?»

«እንዴት ታያለህ!» አሉ እትዬ እንደተቀመጡ። «ኳስ ስሰማ አልነበር?»

መጀመሪያ የገባት የፊት ለፊቷ ጎረቤቴ ናት። ከወንበሯ ተነሳች።

«ውይ! ያ ሬዲዮ ለዚህ ነው? እኔ ደግሞ አሮጊቷ ምን ነካቸው እላለሁ!»

«አሮጊት ያልሽው ማንን ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጠያቂውም ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞረች። ስትስቅ ቆይታ አሁን ድምፅዋ ተለውጧል።

«እኔስ ግድግዳ የለኝም? ልጅሽ እኔ በር ላይ አንድ ጠጠር ብትወረውር ምን ነበረበት?»

ከዚያ አለቃ ሰደርያዋን እንደለበሰች ከሥራ መጥታ ያየችውን ተናገረች። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ የሐኪሙን ቃል አስረዳች፤ በተለይ አይተላለፍም የሚለውን ሁለቴ አለችው። ሰብሳቢው መዝገባቸውን ዘጉ።

«እኔ» አሉ፣ ድምፃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አድርገው፣ «መንገድ ላይ ስሠራ ረዳቴን ይጥለው ነበር። አንድ ቀን ከጭነት ላይ ወደቀብኝ። አልተረፈም። ይህችን እናት እኛ ነን አጨብጭበን መንገድ ላይ ያቆምናት። ቀጥታ ድጋፍ ይሁን የምትሉ እጅ።»

እጆቹን ቀና ብዬ አላየሁም። ልጄ ናት ያየችው። «ያ ሰውዬም አወጣ» አለችኝ በጆሮዬ።

ኮሚቴው ቢወስንም ወረዳው ማጽደቅ ነበረበት። መጠበቅ ሆነ። እስኪጸድቅ ድረስ ሥራ ላይ አልወጣሁም። አለቃና ሴቶቹ ጠዋት ሲያልፉ ከአስፋልቱ ላይ ስሜን ይጠራሉ፤ እኔም ወጥቼ እጄን አውለበልባለሁ። ሁሉም ሰው ደግ ሆነ አልልም። አንድ ሠርግ ቤት ድስት ልይዝ ስሄድ «አንቺ አረፍ በይ» ያለችኝ ሴት ነበረች፤ ለምን እንዳለች ገብቶኛል። አረፍኩ። ሌላዋ ደግሞ ማታ መጥታ እህቷንም እንደሚጥላት ነገረችኝና ጤና ጣቢያውን ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

ኪኒኑን አላቋርጥም። መጣሉ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ አንዳንድ ጊዜ ትመጣለች። እየጸናሁ ከሄድኩ ችግኝ ጣቢያ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ አለ ብላኛለች፤ አፈር በላስቲክ መሙላት ነው። ስትፈልጊ እንጂ ተገድደሽ አይደለም አለች፤ እርስዎ ማለቱን ትታዋለች፤ ደስ አለኝ። ኢንሻ አላህ አልኳት።

የጸደቀ ቀን ምስር እየለቀምኩ ነበር። ስልኬ ጮኸ፤ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ናት።

«እናቴ፣ ገብተሻል። ከዚህ ወር ጀምሮ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ ልጄ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ምስሩን ወደ ጎን አደረግሁ። እጅ እግሬን ታጥቤ ውዱእ አደረግሁ። መስገጃዬን ዘርግቼ የምስጋና ሱጁድ ወረድኩ። ግንባሬ መሬት ሲነካ ቶሎ ቀና ማለት አልቻልኩም። የምለው ነገር ብዙ ሆኖ አይደለም፤ አልሐምዱሊላህ ብቻ ነው የምለው። እየደጋገምኩ እዚያው ቆየሁ።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትገባ በሩ ክፍት ነው፤ እናቷ መሬት ላይ ተደፍታለች።

«እማ!»

ቦርሳዋ ሲወድቅ ሰማሁ። መጥታ ትከሻዬን ያዘች። ቀና አልኩ።

«ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ። አልወደቅሁም። ሱጁድ ላይ ነኝ።»

«በዚህ ሰዓት ምን ሶላት አለ?» አለች። ተቆጥታለች።

«ገባን» አልኳት። «ተደውሎልኝ ነው።»

መስገጃው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ራሷን ጭኔ ላይ አሳረፈች፤ ካደገች ወዲህ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ፀጉሯን ደባበስኩት። 

«ርቦኛል» አለች በመጨረሻ።

ምስሩን እሷ ጣደችው። እኔ ሽንኩርቱን ከተፍኩ።